ዱራግናውን ስንለቅም

የዚህ መጽሔት አዘጋጆች «ከአለማያ ዘመንህ የማትረሳውን ጻፍልን» ብለው ሲደውሉልኝ፣ እናንተ ምን እንደምትጽፉ ገና ሳላነበው አውቄዋለሁ። የዶርሙ ብርድ፣ የካፌው ሰልፍ፣ ቅዳሜ ሐረር ደርሶ የመመለስ ነገር፣ ከዚያም ዳሩ ላይ ቁጭ ብለን ያጠናንበት ሐይቅ ኋላ መድረቁ። ይኼ ሁሉ ይጻፍ፣ ደግ ነው። እኔ ግን የምጽፈው ስለ አረም ነው። አትሳቁ። የእጽዋት ሳይንስ ልጆች ነገሩ ይገባችኋል። የእንስሳት ሳይንሶች ደግሞ ትንሽ ታገሡኝ፤ ወሬው ላሞቹም ጋ ይደርሳል።

በ1979 ዓ.ም. ተመርቀን በየክፍለ ሀገሩ ስንበተን ለእኔ የደረሰኝ ወሎ ነበር። ከወሎም የተወለድኩባት ኩታበር። ኩታበርን ለማታውቁ፣ ከደሴ በስተሰሜን ምዕራብ ወደ ተንታ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ደገኛ ከተማ ናት። ከከተማዋ በስተምዕራብ በሽሎ ይነሣና ገደል ለገደል ወርዶ ዓባይ ይገባል። መሬቱ እንዲህ ከፍና ዝቅ ስለሚል ያንድ ወረዳ ሰው ደጋው ላይ ገብስና ባቄላ፣ ዝቅ ሲል ስንዴና ጤፍ፣ ወደ ቆላው ሲወርድ ማሽላ ያርሳል። በልጉ ሲዘንብ ያየ ሰው ሁለት ጊዜ ይዘራል። በልጉ ሲቀር የሚሆነውን ደግሞ ከወሎ ታሪክ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

ሥራ በጀመርኩበት በ1980 ዓ.ም. ክረምት፣ ነሐሴ ላይ፣ አባቴ ማሳ ደረስኩ። እናቴ ከሦስት የጎረቤት ሴቶች ጋር በወንፈል እያረመች ነው። ጎንበስ ብለው ተሰልፈዋል፤ የነቀሉትን በነጠላቸው ጫፍ ይሰበስቡታል፣ ማታ ለላሟ ነውና። ማሳው ዱራግና ነው። ዱራግና ማለት ስንዴና ገብስ አንድ ላይ ተደባልቆ የሚዘራበት፣ አንድ ላይ ታጭዶ የሚወቃበት፣ አንድ ላይ ተፈጭቶ የሚበላበት አዘራር ነው። ልጅ ሆኜ የበላሁት ዳቦና እንጀራ፣ አድጌ የጠጣሁት ጠላ አብዛኛው የዚሁ ነው። ያን ቀን ግን እጄ ላይ ዲግሪ አለ፤ ኪሴ ውስጥም ደብተር አለ። አባቴን «አባባ፣ ይኼ እኮ የተደባለቀ ዘር ነው። ገብሱን ለቅመህ አውጣውና ለከርሞ ንጹሕ ስንዴ ዝራ» አልኩት። አባቴ መሬት መሬቱን ሲያይ ቆየና «ልጄ፣ ገብሱን ካወጣሁት መሬቱን ማን ይሸፍንልኛል?» አለኝ።

ደብተሬ ላይ አልጻፍኩትም። የገበሬ ወግ አጥባቂነት መስሎኝ ነበር። ያችን ጥያቄ ለመመለስ ዕድሜዬን ሙሉ ነው የፈጀሁት፤ ይኼም ጽሑፍ እሱው ነው።

እስቲ መልሱን በዛሬው እውቀቴ ልሞክር። ገብስ ቶሎ ይበቅላል፣ ቶሎ ቅጠሉን ይዘረጋል፣ ቶሎ ያኮርታል። የአረም ዘር ብርሃን ፈልጎ ገና ብቅ ሲል ገብሱ ጥላውን ጥሎበት ይጠብቀዋል። ከሥሩም የሌላ ተክል ቡቃያ የሚያቀጭጭ ንጥረ ነገር እንደሚያወጣ ተረጋግጧል። ስንዴው ዘግየት ብሎ ይነሣና ገብሱ የተወለትን ቦታ ይይዛል። አንደኛው ከላይ ሌላኛው ከታች፣ አንደኛው ቀድሞ ሌላኛው ተከትሎ ስለሚሄዱ ለአረም የሚተርፍ ባዶ መሬት ይጠባል። ዝናብ ቶሎ ከቆመ ገብሱ ቤት ይገባል፤ ዝናቡ ከሰነበተ ስንዴው ይክሳል። ገበሬው ከአውድማው ላይ መልሶ ለዘር ስለሚያስቀምጥ የድብልቁ ልክ ራሱ በየዓመቱ ይቀያየራል። ድርቅ ካለፈ በኋላ ገብሱ ይበዛል፤ ከጥቂት ደግ ዓመታት በኋላ ደግሞ ስንዴው ይበዛል። ማንም ሚዛን ይዞ የሚያስተካክለው የለም፣ ዓመቱ ራሱ ነው የሚመጥነው።

ደግሞ የእኛ ብቻ አይደለም። ትግራይና ኤርትራ ይኼንኑ «ሓንፈጽ» ይሉታል። ወልደአምላክ አርአያ የሚባሉ ኤርትራዊ ተመራማሪ በኔዘርላንድ ዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2001 የዶክትሬት ሥራቸውን የሠሩት በዚሁ በገብስና ስንዴ ድብልቅ ላይ ነው፤ ያገኙትም ድብልቁ ለየብቻ ከተዘሩት ይልቅ መሬቱን በተሻለ እንደሚጠቀምበት ነው። የአውሮፓ ገበሬም በመካከለኛው ዘመን ስንዴና አጃ መሰል እህል ቀላቅሎ ይዘራ ነበር። ከዚያ ወፍጮ ቤቱና ገበያው አንድ ዓይነት እህል ፈለጉ፤ ድብልቁ ጠፋ። ዛሬ እነሱው ናቸው የፈረንሳይንና የጀርመንን ማሳ መልሰው እየቀላቀሉ የሚሞክሩት። የኛን ሽማግሌዎች ግን ማንም «እንዴት ነበር?» ብሎ ለመጠየቅ አልቸኮለም።

አሁን ወደ ክፍላችን እንመለስ። የአረም ትምህርት የመጀመሪያው ቀን የተጻፈልንን ፍቺ ታስታውሳላችሁ? አረም ማለት በማይፈለግበት ቦታ የበቀለ ተክል ነው። ፍቺው ስሕተት የለበትም። ግን «ማን ነው የማይፈልገው?» ብለን አልጠየቅንም። በዚያ ፍቺ መሠረት ስንዴ መሐል የበቀለ ገብስ አረም ነው። ባቄላ መሐል ተጠምጥሞ የሚወጣ አተርም አረም ነው። እናቴ ግን የምታርመው በሌላ መዝገብ ነበር። ያን ቀን እጇ ሲናሩን ዘልሎ ሲያልፍ አይቼ «ይኼንንስ ለምን ተውሽው?» አልኳት። «እንክርዳዱን እነቅላለሁ፣ ራስ ያዞራል። አሜከላው ይወጋል። ሲናሩ ምን አደረገኝ?» አለች። ሙጃው ደግሞ ለጊዜው ይቆይ አለችኝ፤ ጠንከር ሲል ለላሟ ይሆናል። (እነሆ የእንስሳት ሳይንሶች፣ ላሟ መጣች። ማገጥማ ጭራሽ እንደ ስጦታ ነበር የሚቆጠረው።)

የሲናር ነገር ብዙ ያስወራል። የደጋ ገበሬ ገብስ ውስጥ ከሚተዋቸው ሲናሮች አንዱ ሳይንስ በአገራችን ስም አቬና አቢሲኒካ ብሎ የሚጠራው ነው። ፍሬው እንደ ዱር ሲናር በነፋስ ረግፎ አያልቅም፣ ገብሱ እስኪታጨድ ራሱ ላይ ይቆያል። ስለዚህ ከገብሱ ጋር ይታጨዳል፣ ከገብሱ ጋር ይወቃል፣ ከገብሱ ጋር ለዘር ይቀመጣል። ማንም ሳይዘራው ይዘራል። ሩሲያዊው የእጽዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 አገራችን መጥቶ፣ አልጋ ወራሽ ተፈሪን አግኝቶ፣ በበቅሎ ደጋውን ሲያቋርጥ በጣም ያስገረመው የእርሻችን መደባለቅ ነበር። አንድ ማሳ ስንዴ ውስጥ ብዙ የስንዴ ዓይነት፣ እህሉ መሐልም አረም የሚመስል እህል፣ እህል የሚመስል አረም አገኘ። ቫቪሎቭ አንዳንድ እህሎች መጀመሪያ የሌላ እህል አረም ሆነው ተከትለው ኋላ ራሳቸውን የቻሉ ሰብሎች ሆነዋል ብሎ ያስተምር ነበር፤ የኛ ሲናር ያን መንገድ ግማሹን ሄዶ የቆመ ነው። ሌላው የሀበሻ ሲናር ዛሬም በሱ ስም ቫቪሎቪያና ይባላል። ሰውዬው እ.ኤ.አ. በ1943 በስታሊን እስር ቤት በረኃብ ሞተ። የዓለምን እህል ሰብስቦ በረኃብ መሞቱ ሁልጊዜ ያንቀኛል።

ቫቪሎቭን በክፍል ተምረነዋል። ፈተናም ላይ መጥቶ ነበር። ግን የቫቪሎቭ ኢትዮጵያ ምዕራፍ «የዘር ሀብት» በሚል ርዕስ ሥር፣ የአረም ምዕራፍ ደግሞ ሌላ ደብተር ላይ ስለነበር ሁለቱ ጭንቅላታችን ውስጥ አልተገናኙም። አንዱ መምህር የድብልቁን ዋጋ ያስተምረናል፣ ሌላው ድብልቁን እንዴት እንደምናጠፋ። ሁለቱንም «ኤ» ያመጣን አለን።

እንዴት እዚያ እንደደረስን ለመረዳት ወደ ኋላ ማየት ያስፈልጋል። ኮሌጃችን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ከኦክላሆማ የእርሻ ኮሌጅ ጋር በተደረገ ውል የተቋቋመ ነው። ኦክላሆማ የስንዴ አገር ነው፤ ማሳው አድማስ እስኪደርስ አንድ ዓይነት፣ ገበሬው በትራክተር ላይ። ለመምህራኖቹ ከልቤ ምስጋና አለኝ፤ ላብራቶሪውንም፣ ሙከራ ጣቢያውንም፣ «ማሳ ላይ ካልወጣህ አልተማርክም» የሚለውንም ልማድ የሰጡን እነሱ ናቸው። ይዘውልን የመጡት ዓይን ግን የኦክላሆማ ዓይን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1967 በጭላሎ በስዊድን እርዳታ ካዱ ተጀመረ፤ ከ1971 ጀምሮ ደግሞ ሚኒመም ፓኬጅ ወደ ሌሎች አውራጃዎች ተዘረጋ። ማዳበሪያ፣ የተሻሻለ ዘር፣ ምክር። ከጊዜ በኋላ ደግሞ ገበሬው እስከ ዛሬ በስሙ የሚጠራው ያ መድኃኒት ተከተለ፤ ቱፎርዲ።

ቱፎርዲ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በእንግሊዝና በአሜሪካ የተገኘ ፀረ አረም ነው። ተክሉ ራሱ ለማደግ የሚጠቀምበትን ሆርሞን አስመስሎ ይገባና ሰፋፊ ቅጠል ያላቸውን ተክሎች ከልክ በላይ አሳድጎ፣ አጣሞ ይገድላል። ስንዴ፣ ገብስ፣ ጤፍና ማሽላ የሣር ወገን ስለሆኑ ያልፋቸዋል። ጥሩነቱም መጥፎነቱም እዚሁ ላይ ነው። መጭን፣ አደይን፣ አሜከላን ይጥልልሃል። ነገር ግን ሲናር፣ እንክርዳድና ሙጃም ሣር ናቸው፤ እነሱንም ያልፋቸዋል። ተፎካካሪዎቻቸውን ሁሉ አጽድተህ ሜዳውን ለነሱ ለቀህላቸዋል ማለት ነው። ያ የሚረግፈው ክፉው የዱር ሲናር በስንዴ አገር ሁሉ የገነነው እንዲህ ነው። ከዚያ የሣር አረም የሚገድል ሌላ ውድ መድኃኒት መግዛት መጣ። ዛሬ ገበሬው ስለ ፓላስ ዋጋ ሲያማርር ስሰማ ታሪኩ ከየት እንደጀመረ አስታውሳለሁ።

ሁለተኛው ጉዳት ጸጥ ያለ ነበር። ቱፎርዲ የሚረጭበት ማሳ ላይ ባቄላ፣ አተር፣ ምስር፣ ጎመንዘር፣ ሱፍ ጣል ማድረግ አይቻልም፤ ይሞታላ። የጎረቤትህ ማሳ ላይ ሲረጭ ነፋስ ካመጣውም ምስርህ ይኮማተራል። ስለዚህ ገበሬው ማንም «ተው» ሳይለው ቅልቅሉን ተወ። ጤፍ ዳር ዳር የሚዘራው ሱፍ፣ ማሽላ መሐል የሚጣለው አደንጓሬ እየሳሳ ሄደ። በመሬቱ ላይ ናይትሮጅን የሚያስቀምጠው፣ የልጆችን ወጥ የሚያወፍረው እሱ ነበር። እኔ ራሴ በነዚያ ዓመታት የአምራች ማኅበር ማሳ ላይ ቆሜ ርጭት አስተምሬያለሁ። ጓንት የለ፣ ጭንብል የለ፤ በባዶ እግራችን ነበርን። ማኅበራቱ በ1982 ዓ.ም. ሲፈርሱ ማሳው ተከፋፈለ። ርጭቱ ግን ቀረ።

እዚህ ላይ ግን ለራሴም መፍረድ አለብኝ። ዛሬ ከተማ ተቀምጦ «የጥንቱ አረም ነቀላ እንዴት ደስ ይላል» የሚል ሰው ሲገጥመኝ እናቴን አስባለሁ። ከሐምሌ እስከ መስከረም ወገቧ አልተቃናም። አረም የሴትና የልጅ ሥራ ነበር። እኔ ራሴ ወደ ትምህርት ቤት የሄድኩት የእኔን ድርሻ እህቴ ወስዳልኝ ነው፤ እሷ ደግሞ አልተማረችም። ዛሬ የኩታበር ልጆች ትምህርት ቤት ናቸው፣ ጎረምሳው ደሴ ወይም ዓረብ አገር ነው፤ ማን ይረም? አንድ ሰው በጀርባው ረጪ አዝሎ በግማሽ ቀን የሚጨርሰውን፣ አሥር ሴት ለሳምንት እንድትጎነበስለት የሚመክር ባለሙያ ካለ መጀመሪያ ራሱ ይጎንበስ። እኔ የምለው ሌላ ነው። የአባቴ ጥያቄ ራሱ ስለ ጉልበት ነበር። ገብሱ መሬቱን ከሸፈነ እናቴ የምትነቅለው ይቀንሳል። ዱራግና የድሃ ፀረ አረም ነበር፣ እኛ ግን ፀረ አረሙን አስወጥተን ነው ሌላ ፀረ አረም የሸጥንለት።

ቆላው ላይም ያው ነው። ወደ በሽሎ ስትወርዱ ማሽላው ከተዘራ ከአንድ ወር ገደማ በኋላ ገበሬው በሬውን ጠምዶ የቆመውን ቡቃያ መልሶ ሲያርሰው ታያላችሁ። ሽልሻሎ ነው። መጀመሪያ ያየሁት ቀን ሰውዬው አብዶ ነው ብዬ ነበር። ማረሻው በቡቃያው መሐል ሲያልፍ አረሙን ይገለብጠዋል፣ ከልክ በላይ የተጠጋጋውን ማሽላ ያሳሳዋል፣ ለቀረው አፈር ያለብሰዋል፣ በሚከፈተው ትልም ውስጥ ዝናቡ ይቆማል። አራት ሥራ ባንድ እርሻ! ተቆርጦ የወደቀው ቡቃያም አይጣልም፤ ለከብት ነው። ይኼን ማንም አላስተማራቸውም፣ እኛንም ማንም አላስተማረንም።

ማሽላ ካነሣን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ የአለማያ ልጅ ሊያውቀው ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1973 በአሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የዓለምን የማሽላ ስብስብ ሲመረምሩ የነበሩ ሁለት ተመራማሪዎች፣ ሲንግና አክስቴል፣ በሺዎች ከሚቆጠሩት ናሙናዎች ውስጥ ላይሲን የሚባለው የፕሮቲን ክፍል ከሌሎቹ እጅግ የበለጠባቸውን ሁለት አገኙ። ሁለቱም የወሎ ነበሩ። የወሎ ገበሬ እንዲህ ያሉትን ማሽላዎች ያውቃቸዋል፤ ወተት በጉንጬና ማር ጩቄ ይላቸዋል። ለብቻቸው አይዘራቸውም፤ ከሌላው ማሽላ መሐል ጣል ጣል ያደርጋቸውና ገና በወተቱ ሳለ ጠብሶ ይበላቸዋል፤ ከሌላውም ጋር ቀላቅሎ። ፍሬያቸው ስለሚጨማደድ ምርታቸው ጥቂት ነው። በ«ንጹሕ ዘር» መለኪያ የመጀመሪያዎቹ ተለቃሚዎች እነሱ በሆኑ ነበር። 1973 ማለት በእኛ 1965 ዓ.ም. ነው። ሳይንስ የዓለምን ምርጥ ማሽላ ወሎ ውስጥ ባገኘበት ዓመት ወሎ በረኃብ እየሞተ ነበር። ይኼን ሁለት ነገር አንድ ገጽ ላይ ጽፎ ያሳየን መምህር አልነበረንም።

ያን ዘመን በኮሌጃችን የማሽላ ማሻሻያውን የመሩት ዶ/ር ብርሃኔ ገብረኪዳን ናቸው። በሳቸው ሥር ማሽላን የተማሩት፣ በ1973 እ.ኤ.አ. ከአለማያ የተመረቁት ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ ደግሞ የማሽላን ትልቁን ጠላት አቀንጭራን ይዘው ሄዱ። አቀንጭራ ሲያዩት የሚያምር ሐምራዊ አበባ ነው። ግን አፈር ላይ ብቅ ከማለቱ በፊት የማሽላውን ሥር ጠብቶ ጨርሶታል። ዘሩ ዱቄት ነው፤ አፈር ውስጥ ብዙ ዓመት ተኝቶ ይቆያል፤ የሚነቃው የማሽላ ሥር የሚለቀውን ኬሚካል ሲያሸት ብቻ ነው። የገቢሳ ዘዴ ያን ሽታ በጣም አሳንሰው የሚለቁትን ማሽላዎች መፈለግና ማዳቀል ነበር። ጥሪው ካልተሰማ እንግዳው አይመጣም። በዚህ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማት ሲሰጣቸው ያን ምሽት በየቦታው ያላችሁ ልጆች እርስ በርስ የተደዋወላችሁትን አልረሳውም።

ከዝርያው ጎን ለጎን ግን ሁለተኛው መድኃኒት መቀላቀል ነው። አንዳንድ ሰብሎች፣ ለምሳሌ ጥጥና ሰሊጥ፣ የአቀንጭራን ዘር ቀስቅሰው የሚጠባው ሥር ይከለክሉታል፤ ነቅቶ በረኃብ ይሞታል። በኬንያ ደግሞ ዴስሞዲየም የሚባል የመኖ ጥራጥሬ ከበቆሎና ከማሽላ ጋር ተዘርቶ አቀንጭራን ሲያጠፋ ታይቶ ወደ አገራችንም ገብቷል። ላሟም ትበላዋለች። ማሽላን በማሽላ ላይ በየዓመቱ እየደጋገመ የሚዘራ ግን አቀንጭራን በየዓመቱ ግብዣ እየጠራው ነው።

ስለ 1977 ዓ.ም. መጻፍ አልፈልግም ነበር። ያን ዓመት እኛ አለማያ በካፌ ካርድ ሦስቴ እንበላ ነበር፤ ከቤት ደብዳቤ ሲመጣልኝ ለመክፈት እፈራ ነበር። ኩታበር ያለ ሰው እንኳን የሚዘራው የሚቀቅለውም አልነበረው። በሬው ተሸጠ፣ ከዚያ ላሟ፣ ከዚያ የበሩ እንጨት። አባቴ ግን ከምድጃው በላይ ጭስ ላይ የሰቀላትን አንዲት ስልቻ አላወረደም። እናቴ ለምናዋለች፣ ተጣልተውበታል። ውስጧ ዱራግና ነበር። ዝናቡ ሲመለስ የዘራው እሷን ነው። ለጎረቤትም በጣሳ አበድሯል። በ1980 እኔ ዲግሪዬን ይዤ «ንጹሕ አይደለም» ያልኩት ማሳ የዚያች ስልቻ ዘር ነው። ይኼን ያወቅሁት አባቴ ካረፈ በኋላ ነው፤ እናቴ ነገረችኝ። እሱ አንድ ቀን እንኳን አላነሣብኝም።

በዚያው ዘመን የአባቴን ሥራ በአገር ደረጃ የሠሩ ሰው ነበሩ። በ1968 ዓ.ም. በጀርመኖች ድጋፍ የተቋቋመውን የእጽዋት ዘር ሀብት ማእከል የመሩት ዶ/ር መላኩ ወረደ፣ ድርቁ ሲበረታ ባለሙያዎቻቸውን በተጎዱት አካባቢዎች አሰማርተው ገበሬው ሳይበላው የቀረውን ዘር ከየጎታውና ከየቅሉ ለቀሙ። ቀጥሎም ከካናዳ ድርጅት ጋር ሆነው ዘሩን አሻሽለው ለወሎና ለሸዋ ገበሬዎች መለሱ። እ.ኤ.አ. በ1989 «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ሽልማት ያገኙት በዚህ ነው። እሳቸው ዘርን በብርድ ቤት ብቻ መቆለፍ አይበቃም፣ ማሳው ላይ እየተዘራ ከዓመቱ ጋር መለዋወጥ አለበት ባይ ነበሩ። የዱራግና ልክ በየዓመቱ ራሱን ማስተካከሉ ይኼው አይደል?

ከዚያ ወዲህ ያለውን እናንተም ኖራችሁበታል፣ በፍጥነት ልለፈው። ቅንጨ አረም በድርቁ ዓመታት ገደማ በከሚሴና በደሴ ዙሪያ፣ በእናንተ በኩል ደግሞ በድሬዳዋና በሐረር ታየ፤ ብዙ ሰው ከእርዳታ እህል ጋር መጣ ይላል። ከብት አይበላው፣ የበላችው ላም ወተቷ ይመራል። በአለማያ በተሠራ ጥናት ካልታረመ የማሽላን ምርት ከ40 እስከ 97 በመቶ ይቀንሳል። ከ1987 ዓ.ም. ወዲህ አዲሱ የኤክስቴንሽን ፓኬጅ መጣ፤ ምርት ጨመረ፣ ይኼን መካድ ሐሰት ነው። ግን አገር ሁሉ በአንድ ሁለት የስንዴ ዝርያ ተሸፈነ። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ ሲነሣ ኩብሳ የሚባለውን ዝርያ ጠራርጎ በላው። በ2013 እና 14 ደግሞ በቦታው የገባውን ድገሉን የግንድ ዋግ መታው። ዋግ ከስንዴ ወደ ስንዴ ነው የሚዘል፤ መሐል ላይ ገብስ ቢያገኝ ግማሽ መንገድ ላይ ይደክም ነበር። አሁን ያለንበት ደግሞ የኩታ ገጠም ዘመን ነው። (የኩታበር ልጅ ነኝና ይቀልዱብኛል፤ የስም መመሳሰል ብቻ ነው።) ጎረቤታሞች ማሳቸውን ገጥመው አንድ ሰብል ይዘራሉ፣ ኮምባይነር ይገባል፣ ነጋዴ ባንድ ቦታ ይገዛል። ለገበያና ለጉልበት ጥቅም አለው። በአረምና በዋግ ዓይን ሲታይ ግን ድንበሩ የፈረሰ ሰፊ ድግስ ነው።

በ2014 ዓ.ም. መኸር ላይ ኩታበር የጦር ግንባር ሆነች። ወንድሜ ቤተሰቡን ይዞ ሸሸ። ሲመለስ ጎተራው ባዶ ነበር። የስንዴ ዘር ከእርዳታና ከመንግሥት አገኘ። ዱራግናውን ግን የሚሰጥ አልነበረም፣ በየትኛውም ዝርዝር ላይ የለማ። ሁለት ቀን በእግር ሄዶ ከአማቶቹ በስልቻ አምጥቶ ጓሮ ዘራው።

አምና ሄጄ አየሁት። ዋናው ማሳው በኩታ ገጠም ስንዴ ነው፣ የሚያምር ስንዴ። ከቤቱ ኋላ ግማሽ ጥማድ የማትሞላ ዱራግና አለች፣ «ለጠላና ለዳቦ» ይላል። የሱ ልጅ ዛሬ የቀበሌው የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ናት፤ ማሳ ስትመዘግብ ተከትያት ዞርኩ። መረጃውን የምትሞላው በስልኳ ነው። ጓሮው ጋ ስንደርስ ቆም አለች።

«ጋሼ፣ ይኼን ምን ልበለው? ስንዴ ወይስ ገብስ?»

«ሁለቱንም» አልኳት።

«አንድ ብቻ ነው የሚቀበለው።»

ስልኩን ተቀብዬ አየሁት፤ እውነቷን ነው። ስንቀመጥ እናቷ ጠላ ቀዳችልን። ልጅቷ ስልኩን ኪሷ ከተተችና ከማሳው ጠርዝ አንድ ዛላ ሲናር ነቅላ በጣቷ እያሸች «ይኼስ?» አለችኝ።